ታክ እንዳሉት

«ጋሼ! ደስ ይበልህ፣ ሞላ!»

ፕዮ ሚራን በሩን ሳታንኳኳ ገባች። የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ በተማሪነት ዘመን ታክ ሱንቾልን በሁለት ዓመት ትከተለው ስለነበር፣ ዛሬ አለቃው ሆናም ጋሼ ማለቷን አልተወችም። ታክ ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ወረቀት መሀል ትንሽ ቦታ አበጅቶ ምሳውን እየበላ ነበር።

«ምኑ ነው የሞላው?» አለ፣ ሩዙን እንደጎረሰ።

«ነጥብህ ነዋ! አንተ ዘንድ ሌላ ምን ሊሞላ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሪያ፣ ቾላ ምድር ባለው በዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ጊዜው ሲደርስ ይመዘናል። ካለፈ ጡረታ እስኪወጣ የሚነካው የለም፤ ከወደቀ መጻሕፍቱን በካርቶን ጠቅልሎ ይሄዳል። የሚመዘነው ደግሞ በማስተማሩ እንዳይመስላችሁ። ስንት ጥናት አወጣ፣ የትኛው መጽሔት ላይ አወጣ፣ ሌሎች በጽሑፋቸው ስንት ጊዜ ጠቀሱት፣ ይኸው ነው። ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አሥር ገጽ በኮሪያኛ ከተጻፈ ሙሉ መጽሐፍ ይበልጣል። ስለ ኮሪያ ገበሬ የተጻፈውን ኮሪያዊ ቢያነበው ምን ነውር አለው ብሎ ታክ ስንት ስብሰባ ላይ ተከራክሯል። ውሃ ወቀጣ ነው የሆነበት።

እሱ ደግሞ እጁ የማይፈጥን ሰው ነው። ሌላው በዓመት አራት ጥናት ሲያወጣ ታክ በአራት ዓመት አንድ ያወጣል። መንደር ለመንደር ይዞራል፣ ከገበሬ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ስኳር ድንች ይልጣል፣ ያወጋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ከጻፋቸው ውስጥ አብዛኞቹን ከራሱና ከአራሚው በቀር ያነበባቸው የለም፤ የጠቀሳቸውማ ጭራሽ። አንዱ ብቻ፣ ኖሩሞክ በምትባል መንደር ላይ የጻፈው አንዱ ብቻ፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ደረቱን ነፍቶ ይሄድበት ነበር። ታክ ግን ያ ቁጥር በጨመረ ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል። የሚጠቅሱት ሁሉ ያላለውን ነው። ያላለውን ብቻ ቢሆንማ ደግ፤ ያለውን ገልብጠው ነው።

ኖሩሞክ ተራራ ሥር የተሸጎጠች መንደር ናት። ታክ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለ፣ በረዶ ሲጥል ገብቶ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣ ነበር። የመንደሩ ሊቀመንበር የሚመረጠው በዓመቱ መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ በአዳራሹ ሙቅ ወለል ላይ ተሰብስቦ ነው። አንዱ ይነሳና «ቾን ዶክሱ ይቀጥልልን» ይላል፤ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ምርጫው አለቀ፣ ማክጎሊ የሚሉት የሩዝ ጠላ ይቀዳል። ታክ መጀመሪያ ሲያየው ደስ የሚል ነገር መስሎት ነበር። ኋላ ቤት ለቤት ሲዞር ግን ሰዎቹ በራቸውን እየዘጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ ሌላ ነገር ነገሩት። የሩዝ መትከያ ማሽን ያለው ቾን ዶክሱ ነው። ማዳበሪያው የሚታደለው በእሱ እጅ ነው። ያላጨበጨበ ሰው ተራው መጨረሻ ይሆናል፤ ችግኝ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፣ ይጠወልጋል። ስለዚህ ያጨበጭባሉ። ታክም ይህንኑ ጻፈ። ጭብጨባው ስምምነት አይደለም፤ ሰዎቹ የሚፈልጉት ሳጥን ነው፣ ማንም ሳያያቸው ወረቀት የሚጥሉበት ሳጥን። ጥናቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚለው ይህንን ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? መምህሩ ማ ጆንግሲክ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚማርበትን ትልቁን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የተማሪያቸውን ስም ሊያስገቡለት አሰቡ። በደግነት ነው። ግን ጊዜ አልነበራቸውምና ርዕሱን ብቻ አዩ። ርዕሱ «ጭብጨባና ስምምነት» ይላል። በቃ፣ የቀረውን ገመቱት። «ታክ እንዳሉት፣ የገጠሩ ሕዝብ ከድምፅ መስጫ ሳጥን ይልቅ በጭብጨባ መስማማትን ይወዳል» ብለው ጻፉ፤ የገጽ ቁጥርም ጨመሩበት። በዚያ ገጽ ላይ ያለው የመንደሩ ካርታ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም።

የማ ተማሪዎች አድገው በአገሩ ሁሉ መምህር ሆኑ። ሲጽፉም ከመምህራቸው መጽሐፍ ቀዱ፣ ከነገጽ ቁጥሩ። መምህር የጻፈውን ከምንጩ ሄዶ ማመሳከር በእነሱ ዘንድ የመምህርን ኪስ እንደመፈተሽ ነው፤ ማን ደፍሮ? የእነሱም ተማሪዎች ከእነሱ ቀዱ። ይኸው ከመቶ በላይ የተማረ ሰው፣ ስንቱ ባለ ማዕረግ፣ አንድ ካርታ እየጠቀሰ ታክ እንዳሉት፣ ታክ እንዳሉት ይላል። ወይ ጉድ!

አንድ ጊዜ ታክ ለአዲስ ዓመት ማ ቤት ሄዶ፣ ሰግዶላቸው፣ ያመጣውን ፍራፍሬ አስረክቦ፣ እንደተንበረከከ ነገራቸው። ማ የሩዝ ኬክ ሾርባቸውን እየጠጡ ሳቁ።

«ልጄ፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል። ደግሞስ እኔ ባልጠቅስህ ማን ያውቅህ ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ሦስት እትም ወጣ። አልተስተካከለም። መቼም መምህሩን አደባባይ አውጥቶ ተሳስተዋል አይል ነገር! ለመጽሔት ማስተካከያ መጻፍ ይጀምርና የማ ፊት ድቅን ይልበታል፤ ይተወዋል። እንዲህ እያደረገ ነገሩን ዓመታት ሙሉ ዋጠው።

«እኮ በምን ሞላ?» አለ አሁን ሚራንን እያየ።

«ወረዳው ጠቀሰህ! አዲስ ደንብ አውጥተዋል። የመንደር ሊቀመንበር በጭብጨባ ብቻ ይመረጥ፣ ለጎረቤት ሰላም ሲባል ሳጥን ይቅር የሚል። ግርጌው ላይ ማን አለ? ጋሼ ሱንቾል! መንግሥት ደንብ ያወጣበት ጥናት ነጥቡ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? የጎደለህ ሁሉ ሞልቶ ፈሰሰ እኮ ነው የምልህ!»

የመብያ እንጨቱ ከታክ እጅ ወደቀ።

«ሚራን፣ እኔ እኮ እንደዚያ አላልኩም።»

«አላልክም?»

«አላልኩም! ተቃራኒውን ነው ያልኩት! አንብበሽው አታውቂም?»

ሚራን ጆሮዋን አከከች። «ጋሼ ደግሞ… እንደው ጠቅላላ ሐሳቡን አውቀዋለሁ።»

«ጠቅላላ ሐሳቡን ከየት አመጣሽው?»

«ከማ መጽሐፍ ነዋ» አለች፣ ድምጿ እያነሰ። እሷ ራሷ ሁለት ጊዜ ጠቅሳዋለች እኮ!

በዚያው ቀን ታክ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ። እማማ ጎክሶንግ ነበሩ። ከጎክሶንግ ተድረው ኖሩሞክ ስለመጡ፣ መንደርተኛው የገዛ ስማቸውን ትቶ በትውልድ አገራቸው ነው የሚጠራቸው። በዚያ ዘመን ታክ ያረፈው እሳቸው ቤት ነበር። ከማንም በላይ አፋቸውን ሞልተው የነገሩትም እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ዛሬ አንድም አልቀሩ፣ አፈር ገብተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግንህ?» አሉ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«እማማ? ምን ሆኑ?»

«እኔ ነኝ የሆንኩት? ዛሬ ከወረዳ መጥተው ወረቀት አነበቡልን። ፕሮፌሰር ታክ የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ እናንተ ጭብጨባ እንደምትወዱ አጥንተው ጽፈዋል አሉን። እኔ ያን ሁሉ ያወራሁት ለማን ነው? ለግድግዳ ነው?»

«እማማ፣ ይስሙኝ፣ እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም።»

«ስምህን ጠሩት እኮ! በጆሮዬ ሰማሁ!»

«ስሙ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም።»

«ታዲያ ስምህ እዚያ ምን ይሠራል?»

ታክ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ዘንድሮ ሳጥን አሠርተን ነበር» አሉ፣ ቁጣው ከድምፃቸው ወርዶ። «አናጢ ጥሩ አድርጎ ሠርቶት፣ ከላይ ቀዳዳ አውጥቶለት። ስንት ጊዜ ተለማምጠን ዶክሱ ራሱ እሺ ብሎ ነበር። አሁን ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። እኔም ሳጥኑን ለዶሮዬ ሰጠኋት፣ ታቅፋበታለች።»

ስልኩን ዘጉት። ታክ ከነካፖርቱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ንዴቱ እስከዛሬ የራሱ ብቻ ነበር፤ ስሜ ጎደፈ፣ ልፋቴ መና ቀረ የሚል ንዴት ነው፤ ያ እንኳ ይቻላል፣ ሰው በስንቱ ይናደዳል። ይህ ግን ሌላ ነው። የአሮጊቷን ቃል በአደራ ተቀብሎ፣ የገዛ ቃላቸው በእሱ ስም ዞሮ መጥቶ አፋቸውን ሲዘጋው ማየት ነው። በቃ፣ እንደፈለገ ይሁን አለ፤ ያን ነጥብ አስሰርዘዋለሁ።

መምህራንን የሚመዝነው ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ሚራንም ከጎኑ ነበረች። ሰብሳቢው ራሰ በራ፣ ፈገግታ የማይለየው ሽማግሌ ነው።

«ፕሮፌሰር ታክ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ወረዳው በእርስዎ ጥናት ደንብ ማውጣቱ ለዩኒቨርሲቲያችን ትልቅ ኩራት ነው።»

«ይሰረዝልኝ» አለ ታክ።

«ምኑ?»

«ያ ነጥብ አይገባኝም። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አልሠራሁም።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየና ፊቱ ሁሉ በራ። ታክ በንዴቱ መሀል የረሳው ነገር ነበር። እነሱ ዘንድ የተመሰገነ ሰው «ኧረ እኔ አይገባኝም» ማለት አለበት፤ ሌላው ይገፋል፣ እሱ ይመልሳል፣ ደግሞ ይገፋል፣ ደግሞ ይመልሳል። ጨዋ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው። ምስጋናን ቶሎ የዋጠ እንደ ስድ ይታያል። ታዲያ ታክ አይገባኝም ባለ ቁጥር የእነሱ ልብ ይበልጥ ይሞቃል።

«አያችሁ ትሕትና!» አለ ሰብሳቢው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «ስንቱ ጉረኛ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይተናል!»

«ትሕትና አይደለም ጌታዬ! ጠቀሱኝ የሚባለው ውሸት ነው! እኔ ያልኩት የዚህን ተቃራኒ ነው!»

«ይገባናል፣ ይገባናል። ተመራማሪ በሥራው ረክቶ አያውቅም።»

ታክ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። የቡና ስኒዎቹ ተንጫጩ። ከኮሚቴው አንዱ፣ የታክን አባት የሚያውቅ ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «አባቱም እንዲሁ ነበሩ» አለ። «ሽልማት ሲሰጧቸው ተቆጥተው ወጡ።» ታክ ያን ጊዜ ፀጉሩን ቢነጭ ደስ ባለው።

ዳር የተቀመጠችው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ብቻ አልሳቀችም። «ጥናቱ የእርስዎ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«ስሙ የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ ግን…»

«እንግዲያው ተቆጥሯል። በምን ምክንያት ጠቀሱዎት የሚለው የእኛ ሥራ አይደለም። ሊያመሰግኑዎት ይጥቀሱ ሊሰድቡዎት፣ አንድ ነው። ይሰረዝልኝ ካሉ ወረዳው ተሳስቼ ነው የጠቀስኩት ብሎ ይጻፍልን።»

ሚራን ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችው።

«ጋሼ፣ አብደሃል? ያ ነጥብ ከወጣ እኮ በጸደይ ከዚህ ወጣህ ማለት ነው! ሃምሳ ሊሞላህ ነው፣ ማን ይቀጥርሃል?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? እና?»

«እና ወረዳ እሄዳለሁ።»

«ኧረ ተው! ዝም ብለህ አፍህን ያዝ እንጂ። ማንም አያነበው፣ ማንም አይጠይቅህ!»

«እሱ እኮ ነው ያቃጠለኝ!» ብሎ ጮኸባት። ተማሪዎች ዞረው አዩት። ሚራን ምስኪን ደነገጠች፤ ለእሱ ብላ ነው እንጂ እሷስ ምን ጎደለባት።

ወረዳ ሄዶ ያገኘው ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር። ታክ የሚለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ግን እንዲህ አለ፦ «ፕሮፌሰር፣ ደንቡ የሚመለከተው መንደርተኛውን ነው። እርስዎ ስላሉ ብቻ አንድ ፊደል አልነካም፤ ነገ ሌላ ፕሮፌሰር መጥቶ ሌላ ቢለኝስ? ሐሙስ የኖሩሞክ የዓመቱ ስብሰባ ነው፣ እኔም እገኛለሁ። እዚያ ይጠይቋቸው። ከመንደሩ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጭብጨባውን አንወደውም ብሎ በአፉ ቢናገር እመዘግበዋለሁ። ደንቡም ይታያል፣ የእርስዎም ወረቀት ይጻፋል።» ታክ ሲሰማው ትክክል ነው አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ትክክል የሆነ ነገር የነገረው ይህ ሰው ብቻ መሰለው።

ሐሙስ ዕለት ኖሩሞክ ሲደርስ መግቢያው ላይ ባነር ተሰቅሎ አገኘ። «የመንደራችን ወዳጅ ፕሮፌሰር ታክ ሱንቾል ቋሚ መምህር በመሆናቸው ደስ ብሎናል» ይላል። ውጤቱ እንኳ ገና አልተነገረም! ያሰቀለው ቾን ዶክሱ ነው፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ፕሮፌሰር! አልረሱንም! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ቾን ዶክሱ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ግን አይደለም። በረዶ ሲዘጋ መንገዱን በገዛ ትራክተሩ የሚጠርገው እሱ ነው፤ የታመመ ሰው ቢኖር ሆስፒታል የሚያደርሰው እሱ ነው። ተራ ሲያስጠብቅ እንኳ አይሰድብም፣ አይዝትም፤ «ማሽኑ ተበላሽቶብኝ» ይላል፣ ይስቃል፣ ሰውዬውም ይገባዋል።

ወለሉ ይሞቃል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋና ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተብላላ ጎመን ተደርድሯል። እማማ ጎክሶንግ ከግድግዳው ሥር፣ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ታክን አላዩትም፤ አላየሁም አሉ ማለት ይሻላል። የወረዳው ሠራተኛ ብዕሩን አውጥቶ ተዘጋጀ።

ታክ ተነሳ። ስንት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረ ንግግር ነውና አልተንተባተበም።

«እናንተ ጭብጨባ ትወዳላችሁ ብዬ አልጻፍኩም። ሰዎች በስሜ ያወሩት ነው። እኔ የጻፍኩት፣ ሰው የሚያጨበጭበው ፈርቶ ነው፣ ልቡ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው ብዬ ነው። ያኔ እዚሁ መንደር የሰማሁት ይህንን ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህ እንዲስተካከል ነው።»

አንዱ ሲያኝክ የነበረውን ሥጋ ሳይውጥ ቀረ። የቾን ዶክሱ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደምንም ፈገግታውን መለሰ፤ የተጎዳ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ፈርቶ? እኔን?»

ሰዎቹን ዞር ብሎ ቃኘና ወደ ታክ ተመለሰ።

«ፕሮፌሰር፣ አብረውን በልተዋል፣ አብረውን ጠጥተዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ነገረዎት?»

«ብዙ ሰው።»

«ብዙ ሰው ስም አለው እኮ።»

«እኔም የሚያስፈልገኝ አንድ ሰው ነው» አለ የወረዳው ሠራተኛ፣ ሊረዳው ፈልጎ። «አንድ ሰው ብቻ አዎ ይበል።»

ታክ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ካልሲውን ያያል፣ አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ የማክጎሊውን ማሰሮ። ወደ ግድግዳው ግን አላየም፤ አንገቱን ገትሮ ራሱን ከለከለ።

«ማን ሊሆን ይችላል?» አለ ቾን ዶክሱ፣ አሁን ለራሱ እንደሚያወራ። «ያኔ ያረፉት ማን ቤት ነበር? እማማ ጎክሶንግ ቤት አይደል?»

ራስ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ይህን ጊዜ ታክ ምን እንደታየው ልንገራችሁ። የእማማ ጎክሶንግ ሩዝ ማሳ ከመንደሩ በላይ ጫፍ ላይ ያለው ነው። ባላቸው የለም፤ ልጃቸው ኡልሳን ከተማ ፋብሪካ ገብቶ በዓመት በዓል ብቻ ነው የሚመጣው። የመትከያው ወቅት መጣ፣ የሁሉም ማሳ ተተከለ፤ «ማሽኑ ተበላሽቶብኝ»፤ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ቢጫ የሆነውን ችግኝ ያያሉ። ይህ ታየው። የሚጠበቅበት አዎ፣ እሳቸው ናቸው ማለት ብቻ ነበር። አንድ ቃል! ስሙ ይጸዳል፣ ደንቡ ይነሳል፣ ሥራውንም ቢያጣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው።

«ማንም አልነገረኝም። እኔው ራሴ ነኝ የገመትኩት። ተሳስቻለሁ። የኖሩሞክ ሰው ጭብጨባ ይወዳል።»

አዳራሹ ተነፈሰ። «አላልኳችሁም!» አለ ቾን ዶክሱ ጭኑን እየመታ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እውነቱን ነው። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል! ቅዱለት ለፕሮፌሰሩ!»

የወረዳው ሠራተኛ ግን ግራ ገብቶት ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። በመጨረሻ የጻፈውን አነበበለት። «ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ራሴ ነኝ የገመትኩት፤ ተሳስቻለሁ፤ የኖሩሞክ ሰው ጭብጨባ ይወዳል። እንዲህ ነው ያሉት? በትክክል ይዣለሁ?»

«በትክክል ይዘኸዋል» አለ ታክ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ቃሉ ሳይዛባ፣ ሳይጎድል፣ እንዳለ ሲጻፍለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። የተቀዳለትን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ፣ መንገዱን በረዶ ሳይዘው ልሂድ ብሎ ወጣ።

ወደ መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚጎተት እርምጃ ሰማ። እማማ ጎክሶንግ ናቸው፤ በሩ ላይ ካገኙት ጫማ ውስጥ የማን እንደሆነ እንጃ ትልቅ የወንድ ጫማ አጥልቀው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው እየመጡ ነው። ሊያመሰግኑኝ ነው ብሎ አሰበ። እንደዚያ ማሰቡ ኋላ ትዝ ባለው ቁጥር አፍሮበታል።

«ልነሳ ነበር እኮ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ልነሳና እኔ ነኝ የነገርኩት ልል ነበር። ዶክሱ ስሜን ሲጠራ እጄን ወለሉ ላይ አድርጌ መነሳት ጀምሬያለሁ። ይሄ ጉልበቴ ደግሞ እሺ አይለኝም፣ ጊዜ ይፈልጋል። ገና ሳልቆም አንተ ቀደምከኝ።»

ታክ የመኪናውን ቁልፍ መልሶ ኪሱ ከተተ።

«እማማ፣ ማሽኑ… ተራዎ… እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«የማሽኑን ነገር ለእኔ ትነግረኛለህ?» አሉ። «ሳጥኑን ሳሠራ ምን እንደሚመጣ አስቤበት ነው። ማሳውን ባይተክልልኝ ላንድ ዓመት ሩዝ ገዝቼ እበላለሁ ብዬ ጨርሻለሁ። አሁን እንዴት ብዬ ልናገር? ብናገር አንተን ውሸታም ማድረጌ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ ያልኩህ ሁሉ ያንተ ቅዠት ሆኖ ቀረ።»

ታክ ያን ሁሉ ዘመን ያልኩትን ትተው ያላልኩትን አሉብኝ እያለ በማ፣ በሚራን፣ በስንቱ ሲናደድ ኖሮ፣ ዛሬ የአሮጊቷን ቃል በገዛ አፉ፣ እሳቸው እየሰሙት፣ ገልብጦ ተናገረ። ያውም በደግነት!

«ያኔ ወጣት ሳለህ» አሉ እማማ ጎክሶንግ፣ «ማታ ምን እንደበላሁ ሳይቀር ትጠይቀኝ ነበር። አሰልቺ ነበርክ። ዛሬ አንዲቷን ነገር ለምን አልጠየቅከኝም?»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሚራን መሆን አለባት። አላነሳውም።

«አልጠየቅኩዎትም» አለ።

«አልጠየቅከኝም» አሉ እሳቸውም።

ከአዳራሹ የቾን ዶክሱ ድምፅ ተሰማ። «እማማ ጎክሶንግ! የት ሄዱብን? ምርጫ ልንጀምር ነው እኮ!»

«መጣሁ!» ብለው መለሱ፣ ዞር ሳይሉ። ከዚያ ታክን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ካፖርትህን ቆልፍ» አሉት፤ ትልቁን ጫማ እየጎተቱ ተመለሱ።